ዋጋ በሚለዋወጥበት ዘመን ገንዘብን ስለ መጠበቅ
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



ገንዘብ የሰው ድካም ማስቀመጫ ነው። ገበሬ በክረምት ያረሰውን፥ ሸማኔም በቀን የሠራውን ሁሉ ዛሬውኑ ሊበላው ስለማይችል ለነገ የሚሆነውን በገንዘብ ለውጦ ያኖረዋል። ነገር ግን ማስቀመጫው ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። ወደ ጎተራ ነቀዝ እንደሚገባ፥ ገንዘብም የመግዛት ኃይሉ እየሳሳ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብልህ ሰው ገንዘብ ማግኘትን ብቻ ሳይሆን ያገኘውን በምን መልክ ማኖር እንደሚገባው ማወቅ ያስፈልገዋል።

ይህም ነገር አዲስ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ከአፋር በረሓ የሚወጣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። አሞሌው ከወጣበት ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይከብራል፤ ዝናም ቢያገኘው ግን ይሟሟል። ከእርሱም ጋራ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተጻፈበት የማርያ ትሬዛ ብር ይገበያዩበት ነበር። የዚያ ብር ዋጋ የሚቆመው 28 ግራም በሚሆነው ክብደቱና በጥሬ ብሩ ስለ ነበረ፥ በዓለም ገበያ ጥሬ ብር ሲረክስ እርሱም ይረክስ፥ ሲወደድም ይወደድ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ግን የወረቀቱ ገንዘብ ዋጋ በክብደቱ ሳይሆን በመንግሥት ሕግና በገበያው ላይ ባለው ዕቃ ብዛት የሚቆም ሆነ። ገንዘቡ በዝቶ ዕቃው ካነሰ ዋጋ ይወደዳል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በቅርቡ ዘመን ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ አገር ገንዘብ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። በቤቱ ብር ቀብሮ ያኖረ ሰው ቢቈጥረው ቍጥሩ አልጐደለም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዕቃ ሊገዛበት ሲሄድ ግን ጐደለበት። ደግሞም በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ሲጨመር፥ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ገንዘቡን ከመሬት በታች ቀብሮ የአዋጁን ወሬ ያልሰማ ሰው፥ የቀበረው ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀርበታል።

ገንዘቡን ባንክ ማስገባት ከሌባ፥ ከእሳትና ከምስጥ ያድናል፤ ከዋጋ መወደድ ግን ሁልጊዜ አያድንም። በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ከመቶ ከ30 በላይ ጨምሮ ነበር፤ ባንኮች ለቍጠባ እንዲከፍሉ የታዘዘው ዝቅተኛ ወለድ ግን ከመቶ 7 ነበር። ስለዚህ 100 ብር ያስገባ ሰው በዓመቱ 107 ብር ሲቀበል፥ ቀድሞ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። ከመቶ 7 የሚወልድ ገንዘብ እጥፍ የሚሆነው በ10 ዓመት ገደማ ነው፤ በዓመት ከመቶ 30 የሚጨምር ዋጋ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ እጥፍ ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው፥ «እንግዲያውስ ሀብትን ሁሉ በከብት ማድረግ ይሻላል» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ማስታወስ ይገባዋል። በዚያን ጊዜ የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ መሬት የሚታረስበት ጠፋ፤ ረኃብም ሆነ። አፄ ምኒልክም ሕዝቡ በዶማ መቈፈርን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። ያ በሽታ ዛሬ ከዓለም ጠፍቷል፤ ትምህርቱ ግን አልጠፋም። ይኸውም ሀብቱን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የጣለ ሰው፥ ያ ነገር ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል ማለት ነው።

እንግዲህ የሚሻለው ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እስከሚቀጥለው መከር ድረስ ለቤተ ሰቡ የሚበቃ እህልና ለዘር የሚሆን ይለይ። ይህ አይሸጥም፤ ለድግስም አይወጣም።

2ኛ፤ አራጣ ያለበት ሰው ሌላ ነገር ከመግዛቱ በፊት ዕዳውን ይክፈል፤ አራጣ ሌሊትም አይተኛምና።

3ኛ፤ ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በባንክ ወይም በቍጠባ ማኅበር ይቀመጥ። ይህ የሚቀመጠው ለትርፍ ሳይሆን በተፈለገ ጊዜ እንዲገኝ ነው።

4ኛ፤ የተረፈው ፍሬ ወደሚሰጥ ነገር ይዙር፤ ይኸውም የተሻለ ዘር፥ ወተት የምትሰጥ ላም፥ የንብ ቀፎ፥ የቤት ቆርቆሮ፥ ከሁሉም በላይ የልጅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንዱ ላይ አይሁን።

ዕቁብም መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም ማስተዋል ያስፈልገዋል። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ በተራው 12,000 ብር ይወስዳል። ዋጋ በሚወደድበት ዓመት ግን መጀመሪያ የወሰደው በሬ ሲገዛበት፥ መጨረሻ የወሰደው በዚያው ገንዘብ ያንኑ በሬ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዳኛው ዙሩን አጭር ቢያደርግ፥ ባለፈው ዙር መጨረሻ የወሰደውንም በሚቀጥለው ዙር ቢያስቀድም ፍትሕ ይሆናል።

በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ተከፍቷል። አክሲዮን ማለት የአንድ ድርጅት ባለቤትነት ድርሻ ነው፤ ድርጅቱ ሲያተርፍ ባለድርሻው ይካፈላል፤ ሲከስርም ኪሳራው ይደርስበታል። ስለዚህ ለዘር ወይም ለጤና በተለየ ገንዘብ አክሲዮን መግዛት አይገባም። «ገንዘብህን ስጠኝ፤ በአንድ ወር እጥፍ አደርግልሃለሁ፤ ሌሎችንም አምጣ» የሚል ሰው ከመጣ ግን፥ ለፊተኞቹ የሚከፍለው ከኋለኞቹ ወስዶ መሆኑን ማወቅ ያሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዚህ ሁሉ የሽማግሌዎችን ምክር አጥብቆ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ። ብዙ ሴቶች ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት እየሠሩ ለወላጆቻቸው ገንዘብ ይልካሉ። ገንዘቡ በየወሩ ለድግስና ለልብስ፥ ለወንድም ዕዳም ሲወጣ ከቈየ፥ ልጅቱ ደክማ በተመለሰች ጊዜ በስሟ የሚገኝ ምንም ነገር የለም፤ ተመልሳም ወደዚያው ለመሄድ ትገደዳለች። ይህ ጕዳት የደረሰባት በሌባ አይደለም፤ በወዳጅ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሽማግሌዎች ወላጆቿንና እርሷን አስቀምጠው፥ ከሚላከው ስንቱ ለቤት እንደሚውል፥ ስንቱም በስሟ በባንክ እንደሚቀመጥ ወይም ንብረት እንደሚገዛበት በጽሑፍ ያድርጉት። ቃሉ በምስክር ፊት ከተጻፈ ወላጅ ከልመና፥ ልጅም ከቅያሜ ትድናለች።

መምህራንም በየወሩ መጀመሪያ የአንድ ኪሎ ጤፍ፥ የጨው፥ የዘይትና የሳሙና ዋጋ ተማሪዎች ከገበያ ጠይቀው በመዝገብ እንዲጽፉ ያድርጉ። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ የፊተኛውን ከኋለኛው ጋራ አስተያይተው ከመቶ ስንት እንደ ጨመረ ያስሉት። በዚህ ሒሳብ የሠለጠነ ልጅ አባቱ እህል ሊሸጥ ወይም ገንዘብ ሊያስቀምጥ ሲመክር፥ መዝገቡን አምጥቶ ማሳየት ይችላል፤ ቤቱም በግምት ሳይሆን በቍጥር ይመክራል።