በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ ቀበቶ ስለ ማሰር

የአውቶቡስ ተሳፋሪ የመቀመጫ ቀበቶ ማሰር ይገባዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ አውቶቡሱ ዓይነትና እንደሚሄድበት መንገድ ይለያያል። በከተማ ውስጥ በየፌርማታው የሚያወርድና የሚጭን፣ ቆመው የሚጓዙ ሰዎችንም የሚያሳፍር አውቶቡስ ፍጥነቱ አነስተኛ በመሆኑ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለተሳፋሪዎቹ ቀበቶ እንዲገጠም አያስገድድም። ጥያቄው የሚከብደው የተሳፋሪዎቹ ወለል ከሻንጣ ማስቀመጫው በላይ ከፍ ብሎ በተሠራውና በአውራ ጎዳና ላይ በከፍተኛ ፍጥነት በሚጓዘው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ ነው። በአሜሪካ የሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና የእምነት ተቋማት ለበዓል፣ ለመንፈሳዊ ጉዞ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲካሄድ ለቆየው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ዝግጅት የሚከራዩት ይህንኑ ዓይነት አውቶቡስ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ማኅበረሰቡን በቀጥታ ይመለከታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ተሳፋሪ ቀበቶውን ችላ የሚለው በአውቶቡሱ ግዝፈት ስለሚተማመን ነው። ከባድ አውቶቡስ ከቀላል መኪና ጋር ሲጋጭ ክብደቱ በውስጡ ላሉት ስለሚጠቅም እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አውቶቡሱ ሲገለበጥ፣ ከድልድይ ሲወድቅ ወይም ከጭነት መኪና ጋር ሲላተም ግዝፈቱ ብቻውን አያድንም፤ ተሽከርካሪው በድንገት ሲቆም ያልታሰረው ሰው ቀድሞ በነበረበት ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላልና። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው አካል የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከ32 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም አሥር ፎቅ ከሚሆን ሕንፃ ወድቆ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 ለቮልቮ የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ማለትም በትከሻና በዳሌ ላይ የሚያልፈውና በሦስት ቦታ የሚያያዘው ቀበቶ፣ ይህን ኃይል በጠንካራዎቹ የዳሌና የደረት አጥንቶች ላይ ያከፋፍለዋል፤ አውቶቡሱ ሲገለበጥም ሰው በመስኮት ተወርውሮ እንዳይወጣና በተሽከርካሪው ሥር እንዳይደቀቅ ይይዘዋል። ያልታሰረ መንገደኛ የሚጎዳው ራሱን ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ከመቀመጫው ሲወረወር ቀበቶውን አስሮ በተቀመጠው ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል።

ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ኑሮ ቅርብ የሆነው አደጋ በነሐሴ 2008 ሸርማን በተባለችው የቴክሳስ ከተማ የደረሰው ነው። ከሂውስተን የተነሡ የቬትናም ተወላጅ ካቶሊካውያን በካርቴጅ፣ ሚዙሪ ወደሚከበረው ዓመታዊ የማርያም በዓል በሌሊት ሲጓዙ የአውቶቡሳቸው የፊት ቀኝ ጎማ ፈነዳ፤ አውቶቡሱም የድልድዩን መከለያ ጥሶ ወደቀና 17 ሰዎች ሞቱ። ለተሳፋሪዎቹ የተገጠመ ቀበቶ አልነበረም። ቋንቋቸውንና እምነታቸውን ይዘው በባዕድ አገር የሚኖሩ፣ ገንዘብ አዋጥተው አውቶቡስ የተከራዩ ምእመናን ነበሩና ሐዘናቸው ለሚያዳምጠው ሁሉ እንግዳ አይሆንም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ማለትም አደጋዎችን የሚመረምረውና ምክረ ሐሳብ የሚያቀርበው ነገር ግን ሕግ የማያወጣው ተቋም፣ በቤከር፣ ካሊፎርኒያ ከደረሰው የ1968 የአውቶቡስ አደጋ በኋላ ቀበቶ እንዲገጠም አሳስቦ ነበር። አስገዳጁ ደንብ የወጣው ግን በኅዳር 2013 ነው፤ 45 ዓመት የፈጀው ይህ መዘግየት የሰው ሕይወት ያስከፈለ ስለሆነ ሊያስቆጭ ይገባል። ደንቡ ከኅዳር 2016 ጀምሮ የሚመረቱ የረጅም መንገድ አውቶቡሶች በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እንዲኖራቸው ያዛል፤ ደንቡን ያወጣው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ቀበቶው የሞት አደጋን እስከ 44 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ሁለት ክፍተቶች ግን ቀርተዋል። አንደኛ፣ ደንቡ ቀደም ብለው የተሠሩትን አይመለከትም፤ አውቶቡስ ደግሞ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት በመሆኑ ዛሬም ቀበቶ የሌለው አውቶቡስ ሊከራይ ይችላል። ሁለተኛ፣ መግጠምን እንጂ ማሰርን አያስገድድም፤ እሱን ለየክፍለ ግዛቱ ትቶታል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ቀበቶ ባለው አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው እንዲያስር በሕግ ደንግጋለች።

ሁለተኛው ክፍተት ከመጀመሪያው ይከፋል። በመስከረም 2014 በዴቪስ፣ ኦክላሆማ አቅራቢያ አንድ የጭነት መኪና የመንገዱን አካፋይ አልፎ የኮሌጅ ሴት ስፖርተኞችን ከያዘ መለስተኛ አውቶቡስ ጋር ሲጋጭ አራት ወጣቶች ሞተዋል። አውቶቡሱ ቀበቶ ነበረው፤ ከተሳፋሪዎቹ ግን አንዳቸውም አላሰሩም ነበር።

ቀበቶን የሚቃወሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ስጋት እሳት ቢነሣ ወይም አውቶቡሱ ውኃ ውስጥ ቢገባ ሰው ታስሮ ይቀራል የሚል ነው። ስጋቱ በቅንነት የሚነገር ቢሆንም ክብደቱ በተቃራኒው ወገን ነው፤ ከእሳትና ከውኃ አስቀድሞ ግጭቱ አለና፣ በግጭቱ ራሱን የሳተ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው በሩ ቢከፈትለትም አይወጣም፤ ታስሮ የተረፈው ግን በአንድ ጣት ተጭኖ ይፈታዋል።

በማኅበረሰቡ ጉዞዎች ላይ የተለመዱ አንዳንድ ነገሮችም መታረም አለባቸው። ሕፃንን ጭን ላይ አቅፎ መጓዝ የፍቅር ምልክት ቢሆንም በግጭት ጊዜ የትኛውም የእናት ክንድ ሕፃኑን ሊይዘው አይችልም፤ እናትና ልጅ በአንድ ቀበቶ መታሰራቸው ደግሞ የእናቲቱ ክብደት ልጁን እንዲጨፈልቀው ያደርጋል። ስለዚህ ለሕፃኑም የራሱ መቀመጫ ሊከፈልለት ይገባል። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት የደረበ ሰው ቀበቶውን በልብሱ ላይ ካሰረው ስለሚላላ፣ ከሥር አስገብቶ በዳሌው ላይ ማጥበቅ አለበት፤ ነፍሰ ጡርም የታችኛውን ክፍል ከሆዷ በታች ታሳልፈዋለች። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አረጋውያን ማሠሪያውን ባያውቁት አያስደንቅም፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ሊያስርላቸው ይገባል።

አውቶቡስ የሚከራዩ የማኅበር ኮሚቴዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት የአውቶቡሱን የምርት ዘመን ይጠይቁ፤ በሁሉም መቀመጫ ላይ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እንዳለም በጽሑፍ ያረጋግጡ። የጉዞው አስተባባሪም ጸሎትና ምርቃት ካለቀ በኋላ፣ ሹፌሩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት፣ ከፊት እስከ ኋላ ተመላልሶ እያንዳንዱ ሰው ማሰሩን ይመልከት፤ ቀበቶ የሌለው አውቶቡስ ከቀረበለት ሌላ እንዲመጣ ይጠይቅ።