የምርምር ቅደም ተከተል በደጋ ሆስፒታል



አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገንዘቡም ሰዉም ውሱን ሲሆን ከሁሉ አስቀድሞ ምን ሊመረምር ይገባዋል? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃንን በሚመለከት የመልሱ ከፊል የሚገኘው በአየር ግፊት መለኪያው ላይ ስለሆነ የመሐንዲሱንም ጆሮ ይሻል።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 537 ገደማ ይወርዳል፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ፣ ማለት ከሩብ በላይ፣ ይቀንሳል።

ሐኪሙ የሚመራባቸው ሠንጠረዦች ግን በአብዛኛው የተሠሩት ዝቅ ባለ ሥፍራ በሚኖር ሕዝብ ላይ ነው። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በጣቱ ላይ የሚሰካው መሣሪያ 88 ከመቶ ቢያሳይ፣ በተለመደው የ90 ከመቶ ወሰን መሠረት ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ላለ አገር በሚመከረው የ87 ከመቶ ወሰን ከሄዱ ግን ላይሰጠው ይችላል። ሲሊንደሩ አንድ፣ ሕፃናቱ ሦስት በሆኑበት ሌሊት ይህች ልዩነት የቁጥር ጨዋታ አይደለችም።

የደም ማነስም ነገር እንዲሁ ነው። በከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ይበዛል ስለሚባል፣ የደም ማነስ ወሰን ከከፍታው ጋር ከፍ ይደረጋል። ይህ በአንዲስ ተራሮች ሰዎች ዘንድ በሚገባ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ያወጡት ውጤት ሌላ ሆነ፤ ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ክልል አልወጣም፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95 ከመቶ ያህል ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው እንደ ስሜኑ ከሆነ፣ ጤነኛይቱ እናት በሠንጠረዡ የተነሣ «ደም አንሶሻል» ትባላለች። እንደ አንዲሱ ከሆነ ደግሞ ወሰኑን ከፍ ማድረጉ ተገቢ ነው። ይህ በግምት የሚወሰን አይደለም። ስለ ካንሰር የሚመራመሩ ባለጸጋ ተቋማት በዓለም ሞልተዋል፤ የደብረ ብርሃንን ሰው በደብረ ብርሃን የሚለካ ግን ከራሱ ከሆስፒታሉ የተሻለ ማንም የለም።

ለልኬቱም ሰሜን ሸዋን የመሰለ ሥፍራ በቀላሉ አይገኝም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንኮበር አፋፍ ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ደግሞ ደጋው በጥቂት ሰዓት መንገድ ቆላ ይሆናል። ደገኛውና ቆለኛው ከጥንት ጀምሮ በገበያ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ለማነጻጸር ያመቻሉ። ይሁን እንጂ የቆለኛውን ደም ወባ ያሳንሰዋል፤ የደገኛውን ሳንባ የኩበት ጭስ ይጎዳዋል። እነዚህን ከከፍታው ሥራ ለይቶ የማይመዘግብ ጥናት ባይጀመር ይሻላል።

ከሕሙማኑ ደም ሌላ የዕቃውም ጉዳይ አለ። የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚያመክነው የእንፋሎት ማሽን 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ በውስጡ 205 ኪሎ ፓስካል ያህል ፍጹም ግፊት ያስፈልገዋል። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 104 ሲያሳይ የሚበቃው ማሽን በደብረ ብርሃን 133 ያህል ማሳየት አለበት። በ104 ቢቆም በውስጡ የሚገኘው 116 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት ጽኑዎቹ ተሕዋስያን የሚሞቱበት ፍጥነት ወደ ሲሶ ስለሚወርድ፣ በ15 ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥራ 45 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። ራሳቸው ሙቀቱን እየለኩ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህ ችግር የለባቸውም። በየጤና ጣቢያው በግፊት ብቻ የሚመሩት ስንት እንደሆኑ፣ በምን ከፍታ እንደቆሙና ውስጣቸው ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ቆጥሮ መመዝገብ የአንድ ክረምት ሥራ ነው፤ ለዚህም አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ነርስና የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀር አንድ ቴርሞሜትር ይበቃሉ።