አንቀጽ፤ የቃሉ ፍችና አገባቡ



በዚህ በቤተ ክርስቲያናችን የኢዮቤልዩ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁና፣ አንቀጽ ስለምትባለው የሰዋስው ቃል እናገራለሁ።

አንቀጽ በግዕዝ በር፣ ደጅ ማለት ነው፤ ሲበዛ አናቅጽ ይባላል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 7፥13 ስለ ጠባቡ በር ሲያስተምር፣ በሩ በግዕዙ አንቀጽ ተብሏል፤ በ16፥18 ያሉትም የሲኦል ደጆች አናቅጸ ሲኦል ናቸው። ከውዳሴ ማርያም ጋር የምንደግመው አንቀጸ ብርሃን የብርሃን በር ማለት ነው። ፍትሐ ነገሥትም በ51 አንቀጽ የተከፈለ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም 106 አንቀጽ አለው። ወደ ሕጉ የሚገባ ሁሉ በየክፍሉ ይገባልና፣ የሕግ ክፍል በበር ስም መጠራቱ የተገባ ነው።

የቅኔ መምህራን ግን ይህን ስም ለግስ ሰጡት። ቀደሰ ቢሉ ቀዳማይ አንቀጽ፣ ይቄድስ ቢሉ ካልዓይ አንቀጽ፣ ቀዲሶ ቢሉ ቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ ሥራ ፈት ማለት ነው፤ ብቻውን ሆኖ ነገር አያስርምና። ነገሩን የሚፈጽመው ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል።

በርና ማሰሪያ በአንድ ስም እንደምን ተስማሙ ቢሉ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ነው። ግዕዝ አብዝቶ አንቀጹን ያስቀድማል፤ «ቀደሰ ካህን» ሲል ሰሚው አስቀድሞ በበሩ ይገባል። አማርኛ ግን «ካህኑ ቀደሰ» ብሎ አንቀጹን በመጨረሻ ያኖረዋል፤ ገበሬ ነዶውን ሰብስቦ እንደሚያስር፣ የቀደመውን ቃል ሁሉ በእርሱ ያስራል። ስለዚህ ከግዕዝ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው በሩን ከፊት አንሥቶ እስከ ፍጻሜው ይሸከመዋል። በመንገድ የጣለው እንደ ሆነ ግን ሕዝቡ ከደጅ ቆሞ ይቀራል።

ይህም ለቅኔ ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። አንባቢው «ካህኑ መጥቶ፣ ቀድሶ፣ ሕዝቡን ባርኮ» ብሎ ዝም ቢል፣ ሦስት ቦዝ ተሰልፈው ማሰሪያ አጥተዋልና ሰሚው «ከዚያስ?» ይላል። «ሄደ» ቢል ግን ሁሉም በአንድ ቃል ታሰረ። በዐውደ ምሕረት ድምፁ ያማረ አንባቢ ማሰሪያውን በችኰላ ቢውጠው፣ ምእመናን ዜማውን ሰምተው ቃሉን ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

እንግዲህ ልጆቻችንን ለንባብ ስናቆም ድምፃቸውን ብቻ አንመርምር። «ልጄ፣ ማሰሪያው ወዴት ነው?» ብለን እንጠይቃቸው። እርሱን ያወቀ ልጅ ራሱ ገብቶ ሌላውንም ያስገባል።

ስብሐት ለእግዚአብሔር።