ሥራን ትቶ ወታደር መሆን፦ ከፊርማው በፊት

(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሳው አሜሪካ ከሚኖር አንድ ወንድማችን የደረሰንን ጥያቄ ነው። ወንድማችን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ደመወዙ አይዘገይም፣ የጤና መድን አለው፣ ደሴ ለሚኖሩት እናቱም በየወሩ ገንዘብ ይልካል። አሁን ግን ይህን ሥራ ትቶ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ለመመዝገብ አስቧል። ምክንያቱ ትምህርት ነው። እናቱ ገና አልሰሙም። «አላህ የሰጠኝን ሪዝቅ ገፋሁ ማለት ይሆንብኛል ወይ?» ሲል ይጠይቃል።

ስለ ቤተሰቡ ቀለብ መጨነቁ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ወንድማችን ከሁለቱ ጉዳዮች የጠየቀን ስለ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ለወታደራዊ አገልግሎት የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው አስቀድሞ ካሳወቀ፣ የአገልግሎቱ ዘመን በድምሩ ከ5 ዓመት ካልበለጠና በመልካም ሁኔታ ከተሰናበተ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ከ180 ቀን በላይ ያገለገለ ሰው ከተሰናበተ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ይኖርበታል። የሥራ ዘመኑም እንዳልተቋረጠ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ወንድማችን ቢሄድ እንኳ ዝም ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፍ። ለአገልግሎት እንደሚሄድ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ቅጂውንም ያስቀምጥ።

ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። አውቶቡስ መንዳት የሰለቸው ሰው አንድ ወረቀት ጽፎ ይወጣል። ወታደር እንዲህ አያደርግም። የመጀመሪያው ውል በድምሩ 8 ዓመት ነው፤ 3 ወይም 4 ዓመት በመደበኛነት አገልግሎ ቢመለስም ቀሪውን ዘመን ስሙ በተጠባባቂነት ተይዞ ይቆያል። ይህ ደግሞ ለወግ የተጻፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኢራቅ ጦርነት ሳቢያ፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ተጠባባቂዎች ተጠርተዋል።

የት እንደሚዘምትም አይመርጥም። የአሜሪካ ሕግ በእምነቱ ምክንያት ማንኛውንም ጦርነት የሚቃወምን ሰው አቤቱታ ይሰማል። «ሌላውን እዋጋለሁ፣ ይህን ግን አልዋጋም» የሚለውን ግን አይቀበልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1971 የወሰነው ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት የሙሐመድ ዓሊ ቅጣት መሻሩን የሚያስታውስ አድማጭ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዓሊ በግዳጅ ተጠርቶ ገና ከመግባቱ በፊት እምቢ ያለ ሰው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የሻምፒዮናነት ማዕረጉን ተነጥቆ ከ3 ዓመት በላይ ከቦክስ ርቋል። ከ1973 ወዲህ ግን አሜሪካ በግዳጅ አልመለመለችም፤ የሚገባው ሁሉ ወዶ የፈረመ ነው።

የሃይማኖቱን ብይን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የመጀመሪያው ሙስሊም የሃይማኖት መኮንን የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በ2001 ደግሞ ሙስሊም ወታደሮች በአፍጋኒስታኑ ዘመቻ ይሳተፉ ዘንድ ይፈቀድ እንደሆነ ዑለማዎች ተጠይቀው የፈቀዱም የተቃወሙም ነበሩ። እኛ በሬድዮ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብለን አንበይንም። ወንድማችን ወደሚያምነው ዓሊም ይሂድ። ሲሄድ ግን «ወታደር መሆን ይቻላል ወይ?» ብሎ በጥቅሉ አይጠይቅ። «በሙስሊሞች ላይ ዝመት ብባልና እምቢ የማለት መብት ባይኖረኝስ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ የሚጠቅመው ከፊርማው በፊት ነው።

እናቱስ? አንድ ሰው ለመዝመት ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጣ ጊዜ፣ ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቀው ወደ እነርሱ እንደመለሱት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። «ሥራ ቀየርኩ» ብሎ በስልክ ማለፍ አይበቃም። ደግሞስ የትኛዋ እናት ናት የልጇን ድምፅ ሰምታ የደበቀውን የማትጠረጥር? እናት ከፈቀዱም መሰናዶ ያስፈልጋል። መሠረታዊው ሥልጠና 10 ሳምንት ያህል ነው፤ ስልክ እንደልብ አይገኝም። የወር ወጪያቸው በማን በኩል እንደሚደርሳቸው አስቀድሞ ይወሰን።

የትምህርቱን ጥቅም አናቃልልም። 3 ዓመት በመደበኛነት ላገለገለ ሰው የ36 ወር የትምህርት ወጪ መሸፈን ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ወንድማችን የአሁኑ አሠሪው የትምህርት ድጋፍ እንዳለው ጠይቋል? በማታ ስለመማርስ አስቧል? በደብዳቤው ውስጥ ይህን አላየንም።

ኢስቲኻራም ይስገድ፤ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ዱዓውን ያድርግ። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ህልም እየጠበቀ ግን አይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ልፈርም ካለ ውሉን እንግሊዝኛ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው ጋር መስመር በመስመር ያንብብ። መልማዩ በአፍ የነገረው፣ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ አይጸናም። ፈርሞ ወደ ሥልጠና የሚሄድበትን ቀን በሚጠብቅበት ጊዜ ሐሳቡን ቢለውጥ ደግሞ በጽሑፍ አሳውቆ መውጣት ይችላል። «ከፈረምክ አበቃ፣ ትታሰራለህ» የሚለው ካለ እውነቱን አልነገረውም። ሥልጠናው ከተጀመረ በኋላ ግን ይህ በር ይዘጋል።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።