ባቡሩን የቀደመው መልእክት

ሴት አቅራቢ፦ የዛሬው ወጋችን ስለ ባቡርና ስለ ቴሌግራፍ ነው። ከእነሱ በፊት በየብስ ከፈረስ የሚፈጥን መልእክተኛ አልነበረም።

ወንድ አቅራቢ፦ ለውጡን አንድ ታሪክ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1845፣ እንግሊዝ አገር፣ ስላው አጠገብ። ጆን ታዌል ሳራ ሃርት የምትባል ሴትን በመርዝ ገደለና በምሽቱ ባቡር ወደ ለንደን ተፈተለከ።

ሴት አቅራቢ፦ በፈረስ ተከትሎ የሚደርስበት እንደሌለ ሳያውቅ አይቀርም።

ወንድ አቅራቢ፦ በሐዲዱ ዳር ግን የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ኩክና ዊትስቶን የፈጠሩት የቴሌግራፍ መሣሪያ ፊደላቱ ስላልተሟሉ፣ ላኪው በእንግሊዝኛ ኩዌከር የሚለው ቃል የሚጀምርበትን ኪው የተባለውን ፊደል በሌላ ተክቶ የሸሸውን ሰው የሚገልጽ መልእክት አስተላለፈ፦ የኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ አለባበስ፣ እስከ እግር የሚደርስ ቡናማ ካፖርት። ባቡሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ፓዲንግተን ጣቢያ ሲገባ ፖሊስ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ሴት አቅራቢ፦ ወዲያው ያዙት?

ወንድ አቅራቢ፦ የለም። ፖሊሱ ዱካውን ተከትሎ የት እንደገባ አየ፤ የተያዘው በማግስቱ ነው። በማርች ወር በስቅላት ተቀጣ።

ሴት አቅራቢ፦ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ባቡር ሰውን አፈጠነው፤ ቴሌግራፍ ግን መልእክትን ከመልእክተኛው ለየው። በእጃችን ያለው ስልክም የቴሌግራፍ ልጅ ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ ትክክል ነሽ። መልእክተኛው ፊት ለፊታችን ስለማይቆም፣ ማጣራቱ የእኛ ፈንታ ሆኗል። አድማጮቻችን፣ በስልካችሁ የደረሳችሁን ወሬ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ምንጩን ጠይቁ።