«መድኃኒቱን ሰውነቴ ለመደው»
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ላቀርብላችሁ የተነሣሁበት ጉዳይ በአንድ አጭር አነጋገር ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም «መድኃኒቱን ሰውነቴ ለመደው» የሚለው ነው። አስም ያለበት ሰው ይህን ሲናገር ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ የሳበው ፓፍ ለሌሊቱ ይበቃው የነበረ ሰው፥ በሦስተኛው ዓመት አራት ጊዜ ስቦም ትንፋሹ አልመለስ ይለዋል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ ወይ መድኃኒቱን እየጨመረ ይሄዳል፥ ወይም «ሱስ ሊሆንብኝ ነው» ብሎ ጨርሶ ይተወዋል። በበኩሌ ለማስረዳት የምሞክረው ሁለቱም መንገዶች አደገኞች መሆናቸውንና ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። አስም በደረት ውስጥ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፥ በአየር ቧንቧዎች ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተሩና መተላለፊያውን ያጠብቡታል። ሁለተኛ፥ የቧንቧዎቹ የውስጥ ገጽ ተቆጥቶ ያብጣል፤ ወፍራም አክታም ያመነጫል። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ግን ሰውየው «ደኅና ነኝ» በሚልባቸው ቀናት ጭምር ውስጥ ለውስጥ ይሠራል። መድኃኒቶቹም እንዲሁ ሁለት ወገን ናቸው። ብዙዎቻችን ቬንቶሊን ብለን የምናውቀው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ እብጠቱን ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚያበርዱት እነ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ፥ ማለት በትንፋሽ የሚሳቡት ስቴሮይዶች ናቸው። የቀረው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው።

እንግዲህ ሰውነት መድኃኒቱን በእውነት ይለምደዋልን? መልሱ፥ አዎን፥ በከፊል ይለምደዋል የሚል ነው። በጡንቻው ሕዋስ ገጽ ላይ ቤታ ሁለት የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። ሳልቡታሞል ከእነርሱ ጋር ሲጋጠም «ላላ» የሚል ትእዛዝ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይተላለፋል። ነገር ግን ጥሪው ያለ ዕረፍት ሲደጋገም ሕዋሱ ጆሮውን መድፈን ይጀምራል። መጀመሪያ በተቀባዩ ላይ ፎስፌት ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ አሬስቲን የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ይጋርደዋል፤ ከዚያም ተቀባዩ ከገጹ ተነሥቶ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። ጥሪው ለብዙ ቀናት ከቀጠለ የተቀባዮቹ ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። ስለ እነዚህ ተቀባዮች አሠራር ለዓመታት የተመራመሩት ሮበርት ሌፍኮዊትስና ብራያን ኮቢልካ በ2012 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ልብ ማለት የሚገባን ግን የሚደክመው ምን እንደ ሆነ ነው። ሳልቡታሞል ቧንቧን የመክፈት ኃይሉ ጨርሶ አይጠፋም። ፈጥኖ የሚደክመው ቀድሞ የመከላከል ኃይሉ ነው። በየቀኑ አዘውትሮ የሚወስደው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሩጫው፥ ለአቧራውና ለጭሱ የነበረው መከታ ይሳሳል። ደስ የሚለው ነገር፥ ይህ ለውጥ የዘለዓለም አለመሆኑ ነው፤ ተቀባዮቹ ዕረፍት ሲያገኙ ይመለሳሉ።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝና በዌልስ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት ወጣ። በዚያን ጊዜ አይሶፕሬናሊን የተባለ የሚሳብ መድኃኒት በብዛት ይሸጥ ነበር፤ «ፎርቴ» የተባለውም ዐይነት በአንድ ስበት ከተለመደው አምስት እጥፍ ያህል ይሰጥ ነበር። በ1967 ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ተላከ፤ በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ተደረገ፤ ሞቱም ቀነሰ። በኒው ዚላንድም ፌኖቴሮል የተባለው ብርቱ መድኃኒት በ1976 ገበያ ከዋለ በኋላ ተመሳሳይ መዓት ደረሰ። በ1989 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን ከሞቱ ጋር አያያዘው፤ በማግሥቱ ዓመት አጠቃቀሙ ሲገደብ ሞቱ ወዲያው ዝቅ አለ። በ1990 በዚያው አገር በ64 ሰዎች ላይ በተደረገ ፈተና፥ ፌኖቴሮልን በቀን አራት ጊዜ አዘውትረው ከወሰዱበት ወቅት ይልቅ ሲያስፈልጋቸው ብቻ በወሰዱበት ወቅት 40ዎቹ ደኅና ሆነው ሲገኙ፥ በአዘቦት መውሰዱ የጠቀማቸው 17 ብቻ ነበሩ።

ሚዛን እንዳላጣ ሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ሕመማቸው ቀላል በሆነ 255 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፥ ሳልቡታሞልን አዘውትሮ መውሰድ አልጎዳቸውም፤ አልጠቀማቸውምም። ስለዚህ ፓፉ መርዝ ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ለጥቃት ጊዜ ከእርሱ የተሻለ ረዳት ጥቂት ነው። ችግሩ የሚመጣው ለጥቃት የተሠራውን መድኃኒት የየዕለት ቀለብ ስናደርገው ነው። ሰውየው ትንፋሹ ለጊዜው ስለሚመለስለት እብጠቱ እየባሰ መሄዱን አያውቅም፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትንም ቀን ያዘገያል። ስለዚህ «ሰውነቴ ለመደው» ከሚሉት ብዙዎቹ ዘንድ የባሰው ሕመሙ ነው፤ መድኃኒቱ የሚወቀሰው በማያገባው ሥራ ነው።

ደግሞም ሳይለመድ የተለመደ የሚመስልበት ምክንያት አለ። አንዱ የተለመደው ቆርቆሮ 200 ስበት ይይዛል፤ ካለቀም በኋላ «ፍስ» የሚለው ድምፅ አይቋረጥም። ቁጥር የማያሳይ ፓፍ የያዘ ሰው ባዶ ጋዝ እየሳበ መድኃኒቱን ሊያማ ይችላል። ሌላው አሳሳቡ ነው፤ ሲጫኑትና ሲስቡት ካልገጠመ አብዛኛው በጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለዚህ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስቶ እንደ መተላለፊያ መጠቀም ይቻላል፤ በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ይህ ጠርሙስ ለልጆች ከፋብሪካው ዕቃ የማያንስ መሆኑን አሳይቷል።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል፥ ክኒኑ ይሻላል» ለሚሉም አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላቅርብ። አንድ ስበት ሳልቡታሞል 100 ማይክሮግራም ነው። አንድ ባለ 4 ሚሊግራም ክኒን 4000 ማይክሮግራም፥ ማለት የ40 ስበት ያህል ነው። ያ ሁሉ በደም ውስጥ ዞሮ እጅን ያንቀጠቅጣል፥ ልብንም ያስመታል፤ ወደ ሳምባ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። ታዲያ ከሁለቱ የሚያስፈራው የትኛው ነው?

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ ልምጣ። የሚሳበው ስቴሮይድ እብጠቱን ከሥሩ ያበርዳል፤ ከዚህም በላይ ሕዋሱ አዳዲስ የቤታ ሁለት ተቀባዮችን እንዲሠራ ያደርጋል። በሌላ አነጋገር፥ የደከመውን ፓፍ ለማበርታት ከሚረዱት አንዱ ይኸው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በደቂቃ ውስጥ እፎይ አያሰኝም፤ ሥራው በቀናትና በሳምንታት ይታያል። ብዙዎች «ምንም አልሠራልኝ» ብለው የሚጥሉት ስለዚህ ነው። ስሙን ሰምተው ለሚፈሩት ደግሞ፥ በትንፋሽ የሚሳበው በማይክሮግራም የሚለካ ሲሆን፥ ከስቦ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ የአፍ ቁስልን ይቀንሳል።

በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ቆርቆሮ ተቀላቅለው ሲያስፈልግ ብቻ ሲሳቡ፥ ፈጥኖ የሚያላላውን መድኃኒት ብቻውን ከመሳብ ይልቅ ብርቱ ጥቃትን በ64 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳየ። በ2019ም ጊና በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የዓለም የአስም ጉዳይ አካል፥ ለዐዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ያለ ስቴሮይድ ብቻውን መስጠትን ከእንግዲህ አልመክርም አለ። በ2014 በወጣ ጥናት በብሪታኒያ በአስም የሞቱ 195 ሰዎች ጉዳይ ሲመረመር፥ ስንት ፓፍ እንደ ታዘዘላቸው መዝገብ ከተገኘላቸው 165ቱ ውስጥ 39 በመቶው ባለፈው ዓመት ከ12 ቆርቆሮ በላይ የታዘዘላቸው ሆነው ተገኙ። መድኃኒት አጥተው የሞቱ አልነበሩም፤ የማላላቱ መድኃኒት በእጃቸው ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። ቍጠሩ። በዓመት ሦስት ቆርቆሮና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ሕመሙ አልተገራለትም፤ አሥራ ሁለት የሚጨርስም ሕይወቱ በአደጋ ላይ ናት። ፓፉ የደከመ ሲመስላችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ እንጂ በራሳችሁ አትጨምሩ፥ አትተዉም። በድንገተኛ ጥቃት ጊዜ ግን ማንም ማንንም ፓፍ አይከልክል፤ እየሳበ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለኅብረታችን ኮሚቴ ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቡዴሶናይድ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከሳልቡታሞል ጋር ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ የተማሪዎች ክሊኒክ ሳልቡታሞልን ብቻ ሳይሆን የሚሳበውንም ስቴሮይድ ዘወትር እንዲያስቀምጥ፥ አሳሳቡንም ለተማሪው እንዲያሳይ ኅብረቱ በጽሑፍ ይጠይቅ። ቸል ካልነው በየመኝታ ክፍሉ ያለው ሥርዐት ይቀጥላል፤ አንዱ ፓፍ በሦስት ተማሪ መካከል ይዞራል፥ ሲያልቅም «ለመደኝ» ይባላል። ትንፋሽ በመዋጮ የሚሆን ነገር አይደለም።

ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ወንድም ወይም እኅት ይነሣ።