ሐዲድና ክንፍ፦ የረጅም ርቀት ባቡር ለአገር መከላከያ ያለው ዋጋ
በአዲስ ዓለም የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



በዚህች ከተማ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በሐረርና በእንጦጦ በኩል አልፎ፣ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ የሚፈቅድ ነበር። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ቆመ፤ የምዕራቡ ክፍል በወረቀት ላይ ቀረ። «በአውሮፕላን ዘመን ሐዲድ ለጦር ምን ይረባል?» ለሚሉ ሰዎች መልሱን ከራሳችን ታሪክ ለመፈለግ እሞክራለሁ።

አስቀድመን ስሌቱን እንመልከት። የብረት መንኰራኵር በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ ባቡር በጥቂት ነዳጅ ብዙ ጭነት ይስባል። አንቶኖቭ 12 የተባለው የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላን የሚሸከመው ቢበዛ 20 ቶን ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ባቡር የሚሄድ 1,000 ቶን ስንቅና ጥይት በዚህ አውሮፕላን 50 በረራ ይጠይቃል። 36 ቶን ገደማ የሚመዝነው ቲ 55 ታንክ ደግሞ ከቶ አይጫንበትም።

ነገር ግን የሐዲድ ሥፍራ ለጠላትም የታወቀ ነው። በ1969 ዓ.ም. የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች ድልድዮችን አፍርሰው የጅቡቲውን መስመር ቆረጡት። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ማመላለስ ጀመሩ። በካራማራ ውጊያም ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ተራራውን አሻግረው ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አወረዱ፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። ሐዲድ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ያም ሆኖ ከከባዱ መሣሪያ ብዙው አሰብ የደረሰው በመርከብ፣ ወደ ግንባር የተጓዘውም በመኪና መንገድ ነበር።

የ1928 ዓ.ም. ጦርነት ሌላ ነገር ያስተምረናል። ያን ጊዜ ሐዲዱ ደኅና ነበር፤ ወደቡ ግን በፈረንሳይ እጅ ስለ ነበረ መሣሪያ እንደ ልብ አልገባበትም።

ከእነዚህ ሁለት ጦርነቶች የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ አውሮፕላን ድንገት የተከበበን ይደርስለታል፣ መንገድ የሌለበትንም ተራራ ይሻገራል፤ ሠራዊትን ወር ከወር የሚቀልበው ግን በምድርና በባሕር የሚመጣው ጭነት ነው። የሐዲድም ዋጋ በርዝመቱ ብቻ አይለካም። ድልድዩን የሚጠብቅ ኃይል፣ በቶሎ የሚጠግን የሠለጠነ ባለሙያ፣ በመጋዘን የተቀመጠ መለዋወጫና ከአንድ በላይ የወደብ በር ያስፈልገዋል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ የኃይል መስመሩም እንደ ድልድዩ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ወደ ምዕራብ ስለሚዘረጋ ሐዲድ ዳግመኛ የሚመከር ከሆነ፣ ከቡናውና ከእህሉ ጭነት ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣ፦ የምሥራቁ በር ቢዘጋ ይህ መስመር ሌላ በር ያደርሰናልን?